የማይጾመው ፍሪዘር

ፍሪዘር የሥጋ ዕቃ ነው የሚለውን እምነት ማን እንደጀመረው አላውቅም። ነገሌ ላይ ግን ከሃይማኖት ቀጥሎ የጸናው እምነት እሱ ነው። ሥጋ ካለ ይሰካል፤ ሥጋ ከሌለ ይነቀላል። ሥጋ ሳይኖርበት የሚሠራ ፍሪዘር፣ ተሳፋሪ ሳይጭን ከተማውን ሲዞር እንደሚውል ባጃጅ ነው። ባለቤቱ ወይ አብዷል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው።

እኔ አላበድኩም፤ የምደብቀውም አልነበረኝም። ይህን ለማስረዳት ግን አንድ ሁዳዴ፣ አንድ ረመዳንና አንድ የተቃጠለ ትራንስፎርመር አስፈልጎኛል።

መንግሥት ሲለወጥ ተማሪ ነበርኩ። ያን ጊዜ መብራት የሚመጣው ከጄኔሬተር ነው፤ ከመሸ ለጥቂት ሰዓት ብልጭ ብሎ ይሄዳል። ቀዝቃዛ ነገር ማለት በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ጥላ ሥር የዋለ ለስላሳ ነበር፤ እሱም ቀዝቃዛ የሚባለው በይሉኝታ ነው። ስለዚህ ዓመታት አልፈው የከተማው ሰው መኪና፣ ቤት፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ሲመኝ እኔ የተመኘሁት በረዶ ነበር። ቦና፣ የቆላው በጋ፣ መጥቶ ቆርቆሮው ሲጋል እጄን የምከትበት አንድ ቀዝቃዛ ቦታ ቤቴ ውስጥ እንዲኖር ፈለግኩ።

ፍሪዘሩን ያገኘሁት ዶሎ ኦዶ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮውን ሲዘጋ ዕቃውን በጨረታ ሸጠ። አብረውኝ የሄዱት ሰዎች በጄኔሬተርና በወንበር ሲሻሙ፣ እኔ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን፣ እንደ ሣጥን ከላይ የሚከፈተውን ትልቅ ፍሪዘር ወሰድኩ። በአይሱዙ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጭኖ ነገሌ ሲደርስ ነጭ እንደነበር የሚመሰክረው የክዳኑ የውስጥ ጎን ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ የመንገዱን ቀይ አፈር ለብሷል።

ባለቤቴ አጠበችው፣ ሳሎን ውስጥ ከግድግዳው ጋር አጣበቀችው፣ ዳንቴል አለበሰችው፣ በዳንቴሉ ላይ ቴሌቪዥኑን አስቀመጠችበት። እኔ ደግሞ ከፍሪዘሩ ጋር የመጣውን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩ፣ ምናልባት በደቡብ ቆላ ብቸኛው ሰው ነኝ። ፍሪዘር ብርድ አይሠራም፤ ከውስጡ ያለውን ሙቀት እየለቀመ በጎኑና በጀርባው ያስወጣል። መውጫውን ከዘጋህበት የለቀመውን ሙቀት ታቅፎ ይቀመጣል።

"ከግድግዳው ራቅ ይበል" አልኳት።

"ሳሎን ውስጥ ዕቃ ከግድግዳ ተርቆ አይቀመጥም" አለች። "ቤት ልንለቅ የተዘጋጀን እንመስላለን።"

በመጨረሻ ተደራደርን። ዳንቴሉ ክዳኑ ላይ ብቻ ይቀራል፣ ቴሌቪዥኑ ይነሳል፣ ፍሪዘሩ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይርቃል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ፍሪዘሩ በራሱ ጊዜ ወደ ግድግዳው ይጠጋል፤ እንግዳው ሲሄድ እኔ መልሼ እስበዋለሁ። በትዳራችን ውስጥ ያልተፈረመ ስምምነት ይሄ ነው።

ፍሪዘር ዓመቱን ሙሉ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ላይ መቆም አለበት። ይህን ቁጥር ቆላ ላይ ማስከበር ቀላል አይደለም። ቦና ሲገባ የከተማው ሰው ሁሉ የፍሪዘሩን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ያዞራል። መሣሪያው ቀንም ሌትም ሲለፋ ከርሞ አንድ ቀን ይሞታል፤ ሰውም "የዘንድሮ ዕቃ" ብሎ ይራገማል። ሐምሌ ላይ ደመናው ወርዶ ሲበርድ ደግሞ "ብርድማ ከውጭ አለ" ብሎ ያጠፋዋል። እኔም መጀመሪያ ቁልፉን ሳዞር ነበር የከረምኩት። በክር ያሰርኳትን ቴርሞሜትር አስገብቼ ባወጣሁ ቁጥር ሌላ ቁጥር ታሳየኛለች፤ ባለቤቴም "ትኩሳቱ ስንት ደረሰ?" እያለች ትስቅብኛለች።

የገባኝ በኋላ ነው። ቅዝቃዜን የሚይዘው ቁልፉ አይደለም፤ ሙላት ነው። ባዶ ፍሪዘር አየር ነው፤ ክዳኑን ባነሳህ ቁጥር አየሩ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ፣ ማለትም እንደ ልማዱ ሲጠፋ፣ ባዶው ፍሪዘር ውሎ ሳያድር ይሞቃል። በረዶ ግን የትም አይሄድም። ስለዚህ የሃይላንድ ጠርሙስና ትንንሽ ጀሪካን እየሰበሰብኩ ውሃ ሞላሁባቸው፤ ውሃው በረዶ ሲሆን የሚሰፋበት ቦታ እየተውኩ ደረደርኳቸው፤ ፍሪዘሩን ከታች እስከ ላይ በበረዶ ገነባሁት። ከዚያ በኋላ ቴርሞሜትሯ ቦናም ይሁን ሐምሌ፣ መብራት ኖረም ሄደም፣ አሥራ ስምንት ላይ ቁጭ አለች። ቁልፉን ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።

ይህን ነገር አስረድቼ ሳልጨርስ የገባት አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ከአጥር ማዶ የምትኖር ሙስሊም ጎረቤታችን ናት፤ መናኸሪያ በር ላይ ቀዝቃዛ ውሃና ጭማቂ ትሸጣለች። እኔ አዴ እላታለሁ፤ እሷ ወንድሜ ትለኛለች። ያደገችው ዱብሉቅ ነው። እዚያ ከብት የሚጠጣው ሰው ተሰልፎ እየተቀባበለ ከጥልቅ ጉድጓድ በሚያወጣው ውሃ ነው፤ ስለዚህ ውሃ የሚያጠራቅም ሰው አያስቃትም። ረመዳን ሲገባ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በር ብቅ ትላለች።

"አካም፣ ናጋ?"

"ናጋ፣ አዴ።"

ያልቀዘቀዙትን ጠርሙሶች አስቀምጣ የቀዘቀዙትን ትወስዳለች። ጾም መፍቻ ሲደርስ የሰፈሩ ሙስሊም ሁሉ የሚጠጣው የእኔን በረዶ ነው። እኔም በዚህ ሳልናገር እኮራ ነበር።

ቀሪው ሰፈር ግን ሁዳዴ ሲገባ ፍሪዘሩንም ያስጾመዋል። ቅበላ ባለቀ ማግሥት ገመዱ ይነቀላል፤ ውስጡ በሎሚና በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ ፍሪዘር መሆኑ ቀርቶ ቁም ሣጥን ይሆናል። ብርድ ልብስ የሚቀመጥበት ቤት አለ፤ የልጆች ደብተር የሚቀመጥበት አለ፤ አንድ ቤት ድንች አይቼበታለሁ፤ በቅሎ ነበር። ሃምሳ አምስት ቀን እንዲህ ይከርምና በቅዳሜ ሹር ከሰዓት በኋላ ይሰካል። በማግሥቱ ገና ሙቀቱ ያልለቀቀው የቅርጫ ሥጋ ይከመርበታል። ሥጋው ከላይ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ከውስጥ ይሸታል። ማንም ግን ፍሪዘሩ ባዶ መክረሙን አይከስም፤ ጥፋቱ የበሬው ነው።

ስለዚህ በጾም ወራት ሰፈሩ ጸጥ ሲል የሚያጉረመርመው የእኛ ቤት ብቻ ነው። ይህ ለዓመታት ሰው ያልፈው ነበር። ጾሙና ረመዳኑ በተገናኙበት በዚያ ዓመት ግን ጠርሙሱ በየቀኑ ስለሚገባና ስለሚወጣ ክዳኑ ይበልጥ ይከፈታል፤ ፍሪዘሩም ይበልጥ ይጮሃል። የሰፈሩ የቅርጫ ዳኛ አንድ ጠዋት መንገድ ላይ አቆሙኝ። ከመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ፣ መደብ ሲመድቡ እጃቸው እንደ ሚዛን የሚታመን፣ ምላሳቸው ግን ሚዛን የማያውቅ ሽማግሌ ናቸው።

"ቤትህ ውስጥ የሚያጉረመርመው ምንድነው?" አሉኝ።

"ፍሪዘር ነው ጋሼ።"

"በሁዳዴ?"

"በሁዳዴም መብራት አለ።"

"መብራቱማ እኛም ቤት አለ። የሚቀዘቅዘው ነው የጠፋን።"

"ውሃ ነው ያለበት ጋሼ።"

"ውሃ" አሉ፤ አሰቡበት። "ታዲያ ጾሙ ከተጋመሰ ቆየ፤ እስካሁን አልቀዘቀዘልህም?"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። "እኔ አይደለሁም የምለው" አሉ፤ ይህ ነገሌ ላይ ከባድ ነገር ሊመጣ ሲል የሚቀድመው ቃል ነው። "ሰው ነው የሚለው። ጾሙን ሲበላ የከረመ ሰው ከኛ ጋር ሊገድፍ ነው ወይ ይላሉ። የመደብህን ነገር እያነሱ ነው። እኔ እስካሁን ዝም በሉ እያልኩ ነው።"

ለእኔ ለራሴ ሐሜቱ ምንም አልነበረም። ከብዙ ሰው ጋር አለመስማማት ለጤና እንደ እግር ጉዞ ይጠቅማል ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ግን ቤቱ ውስጥ ሁለት ነን። ባለቤቴ ቅዳሴ የማያልፋት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማትቀምስ ሴት ናት። አንድ ቀን ከማኅበር ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"ሽንኩርት ስንልጥ አንዷ ምን አለችኝ መሰለህ? 'የእናንተ ቤት ሽንኩርት ለሽሮ ነው ለቀይ ወጥ?' ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።"

"ጥሩ አደረግሽ።"

"ጥሩ አላደረግኩም። የምጾመው እኔ፣ የምታማው እኔ። ወይ አጥፋው፣ ወይ ክፈተውና ይዩት።"

"ቤቴ ኬላ አይደለም" አልኳት። "ዛሬ ፍሪዘር ከከፈትኩላቸው ነገ ድስቱን ነው የሚያዩት።"

"ድስቱንማ ሁልጊዜ ያዩታል። መጥተው ሳይበሉ የሄዱበትን ቀን ንገረኝ። ደግሞ ቤትህ ብቻ አይደለም፤ ቤቴም ነው።"

እኔም እንደ ተማረ ሰው ስለ መርህ ብዙ ተናገርኩ። ሰምታኝ ጨረሰችና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን አላነሳችውም። ፋሲካ ጠዋት ግን በሰፈራችን ሳፋ ይዘው ቅርጫ ለመቀበል የሚሄዱት ሴቶች ናቸው። መደብ የለሽም ቢሏት ባዶ ሳፋ ይዛ በዚያ ሁሉ ሴት መሀል የምትመለሰው እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም። ይህ ነገር እንቅልፍ ባይነሳኝም መጽሐፍ ነስቶኛል። አንድ ገጽ ደጋግሜ አነባለሁ፤ ሳፋዋን ነው የማየው።

ቅዳሜ ሹር ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ብርድ ልብሱንና ድንቹን አውጥቶ፣ ሁለት ወር ያረፈውን ፍሪዘር በአንድ ጊዜ ሰካ። የእኛ አምፖል እንደ ሻማ ቀላ፤ ስታብላይዘሩ ቀጭ ቀጭ አለ። ከዚያ ከምሰሶው ላይ ጎማ እንደ ፈነዳ ያለ ድምፅ ተሰማና ሁሉም ነገር ዝም አለ። ወጥቼ አየሁ። ትራንስፎርመሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ጾሙን ሊፈታ ሲጣደፍ እሱ ብቻ ሳይፈታ ሞተ። ሊያዩት የመጡት ሠራተኞች ወደ ላይ ተመለከቱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መለወጫው ከሩቅ ስለሚመጣ ከበዓሉ በኋላ እንደሆነ ነገሩን።

ፋሲካ ጠዋት ዝናብ ነበር። የሚያዝያ ዝናባችን እንዲህ ነው፤ ወራት አስጠብቆ በዓል ቀን ይመጣል። በዳኛው ግቢ በሬው ታርዷል፣ ሥጋው ከቆርቆሮው ዳስ ሥር በላስቲክ ላይ መደብ በመደብ ተዘርግቷል። ዕጣው ግን አልወጣም። ሰው ሁሉ ቆሞ ይከራከራል።

"ቋንጣ እናድርገው" አለ አንዱ።

"በዚህ ዝናብ? ሻጋታ ልትበላ ነው?"

"ለሥጋ ቤት እንስጠው።"

"ሥጋ ቤቱ የራሱን የሚያደርግበት አጥቷል።"

"እንግዲህ ዛሬውኑ በልተን እንጨርሰው።"

"ከሁዳዴ በወጣ ሆድ?" አሉ ዳኛው። "ነገ ደግሞ ለቀብር እንገናኝ።"

እኔ ከዳር ቆሜያለሁ። መደቦቹን አያለሁ፤ የትኛው የእኛ እንደሆነ፣ ከናካቴው ይኑር አይኑር የነገረኝ የለም። ባለቤቴ ሳፋዋን በሁለት እጇ ይዛ ከሴቶቹ ኋላ ቆማለች። ወደ እኔ አላየችም።

በዚህ መሀል አዴ እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጣች። ጾመኛ ናትና በር ላይ ቆማ ሁሉንም ተራ በተራ ጠየቀች፤ የሰው ፊት ልክ አለመሆኑን አይታ ምን ሆናችሁ አለች። መብራቱን፣ ሥጋውን ነገሯት።

"ታዲያ በረዶ ከሱ ቤት አለ አይደል?" አለች፤ በአገጯ ወደ እኔ እያሳየች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። "የምን በረዶ?" አሉ ዳኛው።

"የሱ ቤት ነዋ። ረመዳኑን ሙሉ የምወስደው ከየት መሰላችሁ?"

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሳምንታት ሙሉ ሰፈሩ ውስጥ ሲዞር የከረመውን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያውቅ ሰው አቀረቡት። "ከበረዶው ሌላስ ምን አየሽበት?"

አዴ ጥያቄው ቆይቶ ነው የገባት። ሲገባት ነጠላ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። "ፎን ሂንጂሩ" አለች። "ዋላሂ፣ ቢሻን ቆፋ።" ሥጋ የለም፤ ውሃ ብቻ። ግቢው ውስጥ ኦሮምኛ የማይሰማ ሰው አልነበረም።

ስለ ሁዳዴ ጾሜ በግቢው ሁሉ ፊት የመሰከረችልኝ ጾም ላይ ያለች ሙስሊም ናት። ከዚያ የተሻለ ምስክር ልመርጥ ብል አላገኝም ነበር፤ ሥጋችንን አትበላም፣ ቅርጫችን ውስጥ የለችበትም፣ በጾማችን የምታተርፈው የላትም።

ባለቤቴ ሳፋዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። "ኑ" አለች። "ኑና እዩት።"

እሷ ቀደመች፤ ዳኛው ተከተሉ፤ የቀረው ሰው ጭቃውን እያራገፈ ወደ ሳሎናችን ገባ። እኔ ስለ ኬላ ምንም አላልኩም። ባለቤቴ ዳንቴሉን አንስታ በትከሻዋ ላይ ጣለችው፤ ክዳኑን ወደ ላይ አነሳችው። ነጭ ጉም ወጥቶ በጫማችን ላይ ፈሰሰ። መብራት ከሄደ አንድ ሌሊት አልፏል፤ ጠርሙሶቹ ግን እርስ በርስ ሲነካኩ እንደ ብርጭቆ ይጮሃሉ። ዳኛው አንዱን አነሱ፣ ሥሩን አዩ፤ ሌላ አነሱ፣ ሥሩን አዩ።

"እስከ ታች ነው?"

"እስከ ታች ነው ጋሼ" አለች ባለቤቴ። "የሚጠራጠር እጁን ይክተት።"

ማንም አልከተተም። ሽንኩርት ስትልጥ የቀለደችው ሴት ጣሪያውን ታያለች።

ዳኛው ቀና ሲሉ ሌላ ሰው ሆነዋል። መደብ ሊመድቡ ነው። "የሴትየዋ ድርሻ በቅድሚያ ይውጣ" አሉ። የአዴ ጠርሙሶች ለሰፈሩ ጾም መፍቻ የሚበቁትን ያህል በአንድ ጎን ቀሩ። የተረፈውን ወደ ዳሱ ተሸክመን አወጣነው። ከዚያ እጃቸው የሚያውቀውን አደረጉ። ጀሪካኖቹን አንድ አንድ አስቀመጡ፤ በየጀሪካኑ ላይ ትልልቁን ጠርሙስ፣ በዚያ ላይ ትንንሹን ደረቡ፤ ራቅ ብለው አዩ፤ ከአንዱ አንስተው ለሌላው ጨመሩ።

"ጀሪካኑ ሽንጥ ነው" አለ አንዱ።

"ይሄ ጠፍጣፋውስ?"

"ጨጓራ።"

"የኔ መደብ አጥንት በዛበት" አለ ሌላው፤ ሳቁ ከዝናቡ በላይ ተሰማ።

በረዶ በዕጣ ሲከፋፈል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሳምንታት ሙሉ የታማሁበት ቅዝቃዜ መደብ በመደብ ተዘርግቶ፣ ያሙኝ ሰዎች ዕጣቸውን እየጠበቁ ነበር። እኔም ሳልጠየቅ መመሪያ ሰጠሁ፤ ያን ቀን የሚሰማኝ ሰው ነበረኝ። ሥጋውን በፌስታል፣ በረዶውን ከሥርና ከላይ፣ ክዳኑን ዝጉ፣ ከፍሪዘሩ ያወጣችሁትን ብርድ ልብስ ላዩ ላይ ደርቡበት፣ ለወጥ የሚበቃችሁን ለማውጣት ካልሆነ አትክፈቱ። "ልየው ብሎ የከፈተ ሥጋውን በገዛ እጁ አበላሸ" አልኩ። "ማየት ይቆያችሁ።"

የሥጋው ዕጣ ሲደርስ ዳኛው ባለቤቴን ጠሯት። "የመጀመሪያውን አንቺ አውጪ።"

"መደብ አለን እንዴ?" አለች፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

"ከጥንትም አላችሁ" አሉ። "ማን የለም አለ?"

"ሰው ነዋ ጋሼ" አለች። "ሰው ነው የሚለው።"

ሽማግሌው ዕጣውን ዘረጉላት። እሷ ዕጣዋን አወጣች፤ ሳፋዋ ሞላ። ሳፋው ከብዷት ጎንበስ ብላ በእነዚያ ሴቶች መሀል ስታልፍ አይቻታለሁ፤ በሠርጋችን ቀን እንኳ እንደዚያ አልተራመደችም።

ሥጋችንን የት እናድርገው የሚለው ጥያቄ የመጣው ቤት ስንደርስ ነው። በእኛ ፍሪዘር ውስጥ የቀረው በረዶ የረመዳን ነው። ከእሱ ጋር የክርስቲያን ሥጋ ብናስገባ አዴ አንዱንም ጠርሙስ አታነሳም፤ እኛም በእሷ ቦታ ብንሆን አናነሳም። ስለዚህ የእኛ የፋሲካ ሥጋ ዳኛው ቤት ገባ፤ በእሳቸው ፍሪዘር፣ በእኔ በረዶ ላይ። በጾሙ ሥጋ አለበት የተባለው ፍሪዘር ጾሙ ሲፈታም ሥጋ አልገባበትም።

ትራንስፎርመሩ በዓሉ ካለፈ በኋላ ተለወጠ። የአንድ ቤት ሥጋ እንኳ አልሸተተም። አዴም እስከ ዒድ ድረስ ሰፈሩን ቀዝቃዛ ውሃ አጠጣች፤ በዒድ ቀን ትልቅ ሣህን ሙሉ ቴምርና ብስኩት በአጥሩ በር ላከችልን።

በሚቀጥለው ዓመት በቅበላው እሑድ ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆማ ሴቶቹን ስትሰናበት ሰማኋት። "እንኳን ለጾሙ አደረሳችሁ" ትላለች፤ ቀጥላም፣ "ፍሪዘራችሁን እንዳትነቅሉ። ውሃ ሙሉበት። ከግድግዳው ደግሞ አንድ ስንዝር ይራቅ።" የስንዝሩን ነገር ከራሷ የፈለቀ አስመስላ ነው የተናገረችው። ድል ማለት ሌላው ሰው ሐሳብህን የራሱ አድርጎ ሲናገር መስማት ነው።

በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ሁሉ አጉረመረመ። ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው አጥር፣ ጾመኛ ቤት ሁሉ ውሃ ያቀዘቅዛል። ዳኛው ቁልፉን ስንት ላይ ላድርገው ብለው ሊጠይቁኝ መጡ። ነገርኳቸው፤ ባለቤቴ ሻይ አቀረበችላቸው። ሻዩን እያቀዘቀዙ ጥቂት አዳመጡ፤ ፊታቸው ላይ ቅሬታ ነበር።

"አሁን ሁሉም ቤት እየጮኸ" አሉ፣ "ማን እንደሚጾም ማን እንደሚበላ በምን እናውቃለን?"

ባለቤቴ ስኳሩን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች።

"ድሮስ በምን ታውቁ ነበር ጋሼ?"